ወደ ሕዝብ የፍሳሽ መስመር የሚገባውን መቆጣጠር ከፋብሪካው በር ይጀምራል

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ ሜዳ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ይህ የመሬት አቀማመጥ ለፍሳሽ መስመር ዝርጋታ የተመቸ በመሆኑ ከከተማዋ የላይኛው ክፍል የሚለቀቅ ፍሳሽ አብዛኛውን መንገድ በራሱ ስበት እየወረደ በስተደቡብ ከሚገኘው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። በ1970ዎቹ ዓ.ም ሥራ የጀመረው የቀድሞው ጣቢያ ፍሳሹን በተከታታይ ኩሬዎች እያቆየ በፀሐይ፣ በአየርና በጊዜ ብዛት እንዲጣራ የሚያደርግ ሲሆን፤ በቀን 7 ሺህ 600 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነበር። ከዓመታት በኋላ በዚያው አካባቢ የተገነባው አዲስ ጣቢያ ደግሞ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል።

እነዚህ አሃዞች የሚናገሩት ጣቢያው ምን ያህል ፍሳሽ እንደሚቀበል ነው። ምን ዓይነት ፍሳሽ መቀበል እንደሚችል ግን አይናገሩም። በየትኛውም አገር ስለ ማጣሪያ ጣቢያ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የሜትር ኩቡ ቁጥር በመሆኑ፤ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጣ አንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤት ከሚወጣ አንድ ሜትር ኩብ ጋር እኩል ነው የሚል የተሳሳተ ግንዛቤ በቀላሉ ይፈጠራል። ፋብሪካውን ከመስመሩ ጋር ማገናኘት በራሱ የብክለት መፍትሔ ተደርጎ የሚቆጠረውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በዋናነት የሚሠራው በረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ወንፊቱ ጨርቅና ፕላስቲክ ያስቀራል፤ የአሸዋ መያዣው ጠጠርና ደለል ይይዛል፤ ዝቃጭ ማጥለያው ክብደት ያለውን ያስቀምጣል። በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የቀረውን ቆሻሻ የሚመገቡት ግን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጣቢያውን የሚያስተዳድሩት ባለሙያዎች ሥራም በአመዛኙ ለእነዚህ ሕያዋን የሚስማማ ሁኔታን መጠበቅ ነው። ባክቴሪያዎቹ የምግብ ትርፍራፊን፣ የሰው ዓይነ ምድርንና የሳሙናን እጣቢ ለምደዋል። አሲድ፣ ሳይናይድ፣ ከባድ ብረቶች ወይም የጸረ ተባይ ኬሚካል በድንገት ሲደርስባቸው ግን ይዳከማሉ፤ መጠኑ ከበዛም ይሞታሉ። የሞተውን የባክቴሪያ ክምችት መልሶ ለማራባት ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍሳሹ መውረዱን ስለማያቆም ያልተጣራው ቆሻሻ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ጉዳት የሚደርስበት ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ ኬሚካሎች ባክቴሪያዎቹን ሳይነኩ፣ ባክቴሪያዎቹም እነርሱን ሳይነኳቸው ጣቢያውን አቋርጠው ያልፋሉ። ለምሳሌ ጨው በዚህ ዓይነት ጣቢያ አይቀነስም፤ እንደገባ ይወጣል። ሦስተኛው ጉዳት ደግሞ በዝቃጩ ላይ የሚደርሰው ነው። ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ከውሃው ተለይተው ከዝቃጩ ጋር ስለሚቀመጡ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ደርቆ ለማዳበሪያነት ሊውል ይችል የነበረው ዝቃጭ ግን ለእርሻ የማይሆን፣ ማስወገጃ ቦታ የሚፈለግለት ቆሻሻ ይሆናል። ውሃው ተለክቶ ደረጃውን አሟልቷል በተባለበት ዕለት ብክለቱ በጣቢያው ግቢ ውስጥ እየተከመረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጥሩ ማሳያ ነው። በቆዳ ማለስለሻው የመጀመሪያ ሂደት ፀጉርን ከቆዳው ለማላቀቅ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ጥቅም ላይ ይውላሉ። ከዚህ ክፍል የሚወጣው ፍሳሽ ከፍተኛ የአልካሊ ባሕርይ ያለው ሲሆን ሰልፋይዱም በውስጡ ሟሙቶ ይቆያል። ቀጥሎ በሚመጣው የክሮም ማልፊያ ክፍል ደግሞ የሚወጣው ፍሳሽ አሲዳማ ነው። ሁለቱ ፍሳሾች ሳይታከሙ በአንድ ቱቦ ሲገናኙ ሰልፋይዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደተባለ መርዛማ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ በአነስተኛ መጠን የተበላሸ እንቁላል ሽታ አለው። መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ሕዋስን ስለሚያደነዝዝ ማንሆል ውስጥ የወረደ ሠራተኛ ሽታው የጠፋ መስሎት ሲዘናጋ ይወድቃል። ሊያወጣው ተከትሎት የሚገባው ባልደረባም ብዙውን ጊዜ ለተመሳሳይ አደጋ ይዳረጋል።

ይኸው ጋዝ ከሰው አልፎ መስመሩንም ያጠፋል። በቱቦው ጣሪያ ላይ ባለው እርጥበት ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ጋዙን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚቀይሩት ኮንክሪቱ ከላይ እየተበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከአስፋልት በታች ያለው መስመር ይደረመሳል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ሁለቱን ፍሳሾች በፋብሪካው ውስጥ በተለያየ ቦይ መለየት፣ በሰልፋይዱ ፍሳሽ ውስጥ የማንጋኒዝ ጨው ጨምሮ አየር በመንፋት ሰልፋይዱን ማክሰም፣ ክሮሙን ደግሞ በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ በአሲድ መልሶ በማሟሟት ለማልፊያ እንደገና መጠቀም ይቻላል። የመጨረሻው ዘዴ ፋብሪካው በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ኬሚካል የሚቆጥብለት ጭምር ነው። ሁሉም ተቀላቅሎ ከከተማ ፍሳሽ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ግን ክሮሙን ለይቶ ማውጣት የማይታሰብ ይሆናል። ቁጥጥሩ ከጣቢያው ይልቅ ከፋብሪካው በር መጀመር አለበት የሚባልበት ቴክኒካዊ ምክንያት ይኸው ነው።

በመስመሩ ላይ የሚደርሰው አደጋ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ትልቋ ከተማ ሉዊቪል በአራት ዓመታት ልዩነት ሁለት ጊዜ አይታዋለች። እ.ኤ.አ በመጋቢት ወር 1977 ለጸረ ተባይ መሥሪያነት የሚያገለግል መርዛማ ኬሚካል ከመስመሩ ጋር በሕገ ወጥ መንገድ ተቀላቅሎ የከተማዋ ዋና ማጣሪያ ጣቢያ ደረሰ። የጣቢያው ሠራተኞች ታመሙ፤ ጣቢያውም ተዘጋ። መስመሩና ገንዳዎቹ እስኪጸዱ ድረስ በቀን ወደ 380 ሺህ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ያልተጣራ ፍሳሽ ለሳምንታት በኦሃዮ ወንዝ ላይ ተለቀቀ። ኬሚካሉ ከአንድ የቆሻሻ አስወጋጅ ድርጅት የተጣለ መሆኑ በኋላ በምርመራ ተረጋግጦ ጉዳዩ በወንጀል ታይቷል።

ሁለተኛው አደጋ የደረሰው እ.ኤ.አ የካቲት 13 ቀን 1981 ንጋት ላይ ነበር። ከአንድ የአኩሪ አተር ዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ ሄክሴን የተባለ በቀላሉ የሚተንና የሚቀጣጠል ፈሳሽ በብዛት ወደ ፍሳሽ መስመሩ ገባ። ተኑ በመስመሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳለ ከላይ ባለው መንገድ የምታልፍ መኪና እሳት ለኮሰችው። መስመሩ ኪሎ ሜትሮችን በሚሸፍን ርቀት ፈነዳ፤ መንገዶች ተሰነጠቁ፤ የማንሆል ክዳኖች ወደ ሰማይ ተወረወሩ። ሰዓቱ ንጋት በመሆኑ የሞተ ሰው አልነበረም። በሜክሲኮ ጓዳላኻራ ከተማ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 22 ቀን 1992 ከቧንቧ ያፈተለከ ቤንዚን በፍሳሽ መስመር ውስጥ ሲፈነዳ ግን ሰዓቱ ረፋድ ነበርና ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

አሜሪካ የፋብሪካ ፍሳሽ ቅድመ ማጣራት ደንቧን ያወጣችው እ.ኤ.አ በ1978፣ ማለትም ከመጀመሪያው የሉዊቪል አደጋ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የሕጉ መሠረት ቀደም ሲል በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ ሲሆን፤ ደንቡ ወደ ሕዝብ የፍሳሽ መስመር መለቀቅ የሌለባቸውን ነገሮች በግልጽ ይዘረዝራል። እሳት ወይም ፍንዳታ የሚያስነሳ፣ የአሲድነት መለኪያው ከ5 በታች የሆነና መስመሩን የሚበላ፣ ቱቦ የሚደፍን ጠጣር፣ የጣቢያውን ውሃ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚያደርስ፣ መርዛማ ጋዝ የሚፈጥር፣ ከተወሰነለት ቦታ ውጪ በተሽከርካሪ የሚደፋ ፍሳሽ ሁሉ የተከለከለ ነው። እነዚህ ክልከላዎች ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ፈቃድ ያለውንም ሆነ የሌለውን ማንኛውንም ድርጅት ይመለከታሉ።

ከዚህ በተጨማሪ እንደ ብረት ማቅለሚያና ቆዳ ፋብሪካ ላሉ ዘርፎች በአገር አቀፍ ደረጃ ወሰን ተቀምጧል። በቀን ወደ 19 ሺህ ሜትር ኩብ ከሚጠጋ መጠን በላይ እንዲያስተናግድ የተሠራና የኢንዱስትሪ ፍሳሽ የሚቀበል ጣቢያ ያለው የከተማ ተቋም ደግሞ የራሱን የቁጥጥር ፕሮግራም እንዲያቋቁም በመርሕ ደረጃ ይገደዳል። ፕሮግራሙ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ዝርዝር ግዴታዎች አሉት። ተቋሙ በቀን ከ95 ሜትር ኩብ ገደማ በላይ የምርት ሂደት ፍሳሽ የሚለቁትን ጨምሮ ዋና ዋና ፋብሪካዎችን ለይቶ ይመዘግባል፤ ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፤ በአብዛኛው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ራሱ ሄዶ ናሙና ይወስዳል። ፋብሪካዎቹም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ውጤታቸውን ያሳውቃሉ። በከፍተኛ ሁኔታ ደንቡን የጣሱት ዝርዝር በየዓመቱ በጋዜጣ ታትሞ ለሕዝብ ይገለጻል። ከገንዘብ ቅጣቱ ይልቅ የድርጅት ኃላፊዎችን የሚያስጨንቀው ይህ የስም ዝርዝር ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በደንቡ ውስጥ ከሌሎቹ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው ማቅጠንን የሚከለክለው አንቀጽ ነው። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ከማጣራት ይልቅ ንጹሕ ውሃ ጨምሮ በሊትር ያለውን የብክለት መጠን ዝቅ ቢያደርግ በመለኪያ ወረቀት ላይ ደረጃውን ያሟላል። ወደ ጣቢያው የሚደርሰው የክሮም ክብደት ግን አንድ ግራም እንኳ አልቀነሰም። የውሃ እጥረት ባለባት ከተማ ይህ ድርጊት ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ይባክናል፣ የጣቢያው አቅምም ያለ ጥቅም ይሞላል። በሊትር የሚቀመጥ ወሰን በቀን ከሚለቀቀው ጠቅላላ ክብደት ጋር ካልተያያዘ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር በር ይከፍታል።

ወሰኑ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ለውሳኔ ሰጪዎች ዋነኛው ነው። ከሌላ አገር ሰንጠረዥ ቀድቶ ማስቀመጥ ቀላል ቢሆንም ትክክለኛው መንገድ ከጣቢያው ተነስቶ ወደ ኋላ ማስላት ነው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ አንድ ጣቢያ ባክቴሪያዎቹ ሳይጎዱና ዝቃጩ ሳይበላሽ በቀን 50 ኪሎ ግራም ክሮሚየም መሸከም ይችላል እንበል። ከመኖሪያ ቤቶችና ቁጥጥር ከማይደረግባቸው ቦታዎች 5 ኪሎ ግራም ይመጣል፤ 5 ኪሎ ግራም ለመጠባበቂያና ለወደፊት ዕድገት ይያዛል። ለፋብሪካዎች የሚከፋፈለው 40 ኪሎ ግራም ይሆናል። አራት ፋብሪካዎች ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ግራም ይደርሳቸዋል። በቀን 500 ሜትር ኩብ የሚለቅ ፋብሪካ ከሆነ ወሰኑ በሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው። አምስተኛ ፋብሪካ ሲመጣ ከመጠባበቂያው ይሰጠዋል ወይም የአራቱ ድርሻ ይቀነሳል። በዚህ መልኩ ሲታይ የፍሳሽ ፈቃድ ከአንድ ውሱን የሕዝብ ሀብት ላይ የሚሰጥ ድርሻ ነው፤ የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ከፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ጋር ሳይነጋገር ሊያከፋፍለው አይችልም።

መርዛማ ያልሆነ ነገር ግን ብርቱ የሆነ ፍሳሽ ደግሞ ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። የቢራ ፋብሪካ፣ የቄራና የወተት ማቀነባበሪያ ፍሳሽ ባክቴሪያዎቹ በቀላሉ የሚመገቡት ነው፤ ችግሩ የሚመነጨው ከብዛቱ ነው። የእነዚህ ፋብሪካዎች አንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ኦክስጅኑ ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠራ መንፊያ የሚቀርብ ከሆነ ወጪው የጣቢያው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ በ1937 ባወጣችው ሕግ ፋብሪካዎች በስምምነት ፈቃድ ወደ ሕዝብ መስመር እንዲለቁ ከፈቀደች በኋላ፤ ክፍያውን ከፍሳሹ ብርታት ጋር የሚያያይዝ ቀመር አዳብራለች። ሞግደን በመባል የሚታወቀው ይህ ቀመር የማጓጓዣውን፣ የመጠኑን፣ የባክቴሪያ ማጣሪያውንና የዝቃጭ ማስወገጃውን ወጪ ለየብቻ አስልቶ የፋብሪካውን ፍሳሽ ከአማካዩ የከተማ ፍሳሽ ጋር ያነጻጽራል። ሁለት እጥፍ ብርቱ የሆነ ፍሳሽ የሚለቅ ፋብሪካ በብርታት የሚወሰነውን የክፍያ ክፍል ሁለት እጥፍ ይከፍላል። የፍሳሽ አገልግሎት ክፍያ በውሃ ፍጆታ ላይ በመቶኛ ብቻ ሲሰላ ግን ከፋብሪካው የበረታ ፍሳሽ የሚመጣውን ወጪ የሚሸፍነው የመኖሪያ ቤት ደንበኛው ይሆናል። በራሱ ጥልቅ ጉድጓድ የሚጠቀም ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ በውሃ ቆጣሪው ላይ የሚታይ ነገር ስለማይኖር በመውጫው ላይ የፍሳሽ መለኪያ ካልተተከለ በስተቀር የሚለቀው መጠን እንኳ አይታወቅም።

ቁጥጥሩ የሚፈተነው በናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ የሚሄድ ከሆነ የሚያገኘው የ4 ሰዓቱን እውነት ብቻ ነው። ገንዳዎች የሚራገፉት አብዛኛውን ጊዜ በፈረቃ ለውጥ ወይም በሌሊት በመሆኑ፤ የ24 ሰዓቱን ፍሳሽ በየተወሰነ ጊዜ እየቀዳ የሚያጠራቅም መሣሪያ አስፈላጊ ይሆናል። ለአሲድነት፣ ለቅባት፣ ለሰልፋይድና ለሳይናይድ ግን የተጠራቀመ ናሙና ስለሚያሳስት በቦታው ወዲያውኑ የተቀዳ ናሙና መወሰድ አለበት። ናሙናው የሚወሰድበት ማንሆልም ከፋብሪካው አጥር ውጪ፣ ፍሳሹ ከሌላው ሳይቀላቀል፣ ተቆጣጣሪው ማንንም ሳያስጠራ ሊከፍተው በሚችል ቦታ መሠራት ይኖርበታል። ይህ ግንባታው ሲጸድቅ በፕላኑ ላይ ካልታየ በኋላ ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሁሉ የሕግ መሠረት አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የአካባቢ ደረጃዎች ሊወጡላቸው ከሚገቡ ጉዳዮች መካከል ወደ ውሃ አካላት ብቻ ሳይሆን ወደ ፍሳሽ መስመሮች የሚለቀቅ ፍሳሽንም ጨምሮ አስቀምጧል። አዋጁ ለአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ቅጥር ግቢ የመግባት ሥልጣን ሰጥቷል። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በካይ በሆነ ድርጊት ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብትም አለው፤ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። ለብክለት መቆጣጠሪያ የሚውሉ አዳዲስ መሣሪያዎች በሚመለከተው ባለሥልጣን ከተረጋገጡ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሆነው እንደሚገቡም አዋጁ ይገልጻል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 በበኩሉ ፋብሪካዎች ብክለትን ከምንጩ እንዲቀንሱ፣ መዝገብ እንዲይዙና ለአደጋ ጊዜ ዝግጅት እንዲኖራቸው ግዴታ ጥሏል። ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የተሰጣቸው የእፎይታ ጊዜም ካበቃ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ለአሠራር አስቸጋሪ የሚሆነው የሥልጣን ክፍፍሉ ነው። ደረጃ የማውጣትና የመቆጣጠር ኃላፊነት የአካባቢ ጥበቃ ተቋማት ሲሆን፤ መስመሩና ጣቢያው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው የሚያየው ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ወንዝ የሚገባውን ውሃ ነው። ያ ውሃ ደረጃውን ሳያሟላ ቢገኝ በሕግ ፊት ተጠያቂ የሚሆነው ጣቢያው፣ ማለትም ራሱ የመንግሥት ተቋም ነው። ጣቢያውን ያወከው ፋብሪካ ግን ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ፍሳሹ ከሺህ ቤቶች ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ማንነቱ ጠፍቷል። በመሆኑም መስመሩን የሚያስተዳድረው ተቋም ማን ምን እንደሚለቅ የማወቅ፣ በቅድመ ሁኔታ የመፍቀድ፣ ቅድመ ሁኔታው ሲጣስም ግንኙነቱን የማቋረጥ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ጣቢያው ሲታወክ የሚከስረውም እርሱ በመሆኑ ለቁጥጥሩ ከማንም የበለጠ ምክንያት አለው። የአካባቢ ጥበቃ ተቋሙ ደግሞ ይህ ቁጥጥር በትክክል መካሄዱን ከበላይ ሆኖ ቢመረምር የሁለቱ ሥራ አይጋጭም። በአሜሪካም የፌዴራሉ ተቋም ከፋብሪካዎቹ ይልቅ የከተሞችን ፕሮግራም ይበልጥ የሚመረምረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ትኩረቱ በትላልቅ ፋብሪካዎች ላይ ብቻ እንዳይወሰን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጋራዥ የተቃጠለ ዘይት፣ የላቫጆ ጭቃና ግራሶ፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ቅባት በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ወደ መስመሩ ይገባሉ። ቅባት ትኩስ ሆኖ ሲደፋ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግን ረግቶ ይጣበቃል፤ ፍሳሹም በቅርብ ባለው ማንሆል ገንፍሎ በመንገድ ላይ ይወጣል። እነዚህን ሁሉ በላቦራቶሪ ምርመራ መቆጣጠር አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ መሠራቱንና በየጊዜው መጠረጉን፣ የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ተጠራቅሞ ለማን እንደተሰጠ የሚያሳይ ደረሰኝ መኖሩን ማየት በቂ ነው። የዝናብ ውሃን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘትም በተመሳሳይ ሁኔታ መከልከል አለበት፤ በክረምት ወራት የጣሪያና የግቢ ጎርፍ ወደ መስመሩ ሲገባ ጣቢያው ከአቅም በላይ ይሆንና ባክቴሪያዎቹ ከገንዳው ታጥበው ሊወጡ ይችላሉ።

የሕዝብ መስመር በሌለበት ቦታ የተወሰደው ሌላ አማራጭ በሐዋሳ ይታያል። በ2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተገነባው መውጫ ወንዝ በሌለው ሐይቅ አጠገብ በመሆኑ፤ ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚወጣው ፍሳሽ በፓርኩ ውስጥ ተጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውልና ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ሆኖ ታቅዷል። ይህ አሠራር ሐይቁን ለመጠበቅ ተገቢ ቢሆንም ከፍተኛ የኃይል ፍጆታ አለው፤ በመጨረሻም የሚወገድ ጨውና ዝቃጭ ይቀረዋል። ለተበታተኑና መካከለኛ ለሆኑ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚዳረስ አይደለም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቀድሞ ያልታሰቡ ኬሚካሎች የቁጥጥሩን ዝርዝር እያሰፉት ነው። ውሃና ቅባት እንዳይዙ ተደርገው በሚሠሩ ጨርቆች፣ ወረቀቶችና የእሳት ማጥፊያ አረፋዎች ውስጥ የሚገኙት የፍሎሪን ውህዶች በተለመደው ማጣሪያ አይበሰብሱም። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ለአሥርት ዓመታት በማዳበሪያነት የተበተነው የማጣሪያ ጣቢያ ዝቃጭ እርሻዎችንና የጉድጓድ ውሃን በእነዚህ ኬሚካሎች መበከሉ ከታወቀ በኋላ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ በ2022 ዝቃጭን በመሬት ላይ መበተን በሕግ ከልክላለች። ለገበሬዎቹ የደረሰው ዝቃጭ በጊዜው የነበሩትን ደረጃዎች ያሟላ ነበር፤ ደረጃዎቹ ግን ስለ እነዚህ ኬሚካሎች የሚሉት ነገር አልነበረም። ከዚህ አንጻር ፋብሪካው ምን እንደሚለቅ ብቻ ሳይሆን በመጋዘኑ ምን ኬሚካል እንደሚያስገባ በዝርዝር እንዲያሳውቅ ማድረግ ከላቦራቶሪ ምርመራ የቀደመ መረጃ ይሰጣል።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከቃሊቲ የሚወጣው ውሃ መድረሻው ያው የአቃቂ ወንዝ ነው። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ዳርቻ ለከተማዋ ገበያ የሚቀርብ ጎመን፣ ሰላጣና ሌላም አትክልት በወንዙ ውሃ ይለማል። ሁለቱ ወንዞች በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ አድርገው ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ከዚያም በታች ውሃው ለመስኖና ለመጠጥ የሚፈልገው ሕዝብ አለ።

ከመስመር ጋር ያልተገናኘው የከተማዋ ነዋሪ ፍሳሽ በተሽከርካሪ ተመጥጦ ይጓጓዛል። የተሽከርካሪው ሾፌር ከመኖሪያ ቤት ጉድጓድ ይቅዳ ወይም ከፋብሪካ ገንዳ ያነሳ፣ ቱቦውን ከጣቢያው መቀበያ ጋር በሚያገናኝበት ሰዓት ልዩነቱ በዓይን አይለይም። በመቀበያው በር ላይ የጭነቱን ምንጭ፣ የደንበኛውን አድራሻና የተነሳበትን ሰዓት የያዘ ቅጽ እንዲቀርብ፣ የአሲድነቱም መጠን በመለኪያ ወረቀት ሳይታይ ቫልቩ እንዳይከፈት ማድረግ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብና አንድ ሠራተኛ የሚጠይቅ ሥራ ነው።